የአዘቦት ማታ እራት ከጥቂት ነገር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ብዙ ጊዜ 1 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ እዚህ ያሉት መልሶች የተፈተኑት በደከመ ጉልበት፣ በአንድ ምድጃና "እራት አልደረሰም?" እያሉ በሚመላለሱ ልጆች ፊት ነው። ጥያቄዎቹ የባልደረቦቼና የጎረቤቶቼ ናቸው። "ጥቂት ነገር" ስል ከአምስት የማይበልጥ ማለቴ ነው። ውሃ፣ ጨውና ዘይት አይቆጠሩም።

ቤት ውስጥ ምን ምን ካለ ነው እራት የማያስጨንቀው?

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ በርበሬና ምስር ክክ። እነዚህ ካሉ እንግዳ ቢመጣም አልደነግጥም። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ከጉሊት ይገዛሉ። ሽንኩርት ግን በብዛት ሲገዛ ያዋጣል። ሰኞ ገበያ የሚወርድ ሰው ሳገኝ አምስት ኪሎ አስመጣለሁ። ፌስታል ውስጥ ታስሮ አይቀመጥም፣ ይበሰብሳል። ዘንቢል ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ከድንች ጋርም አንድ ላይ አታድርጉት።

ሽሮና በርበሬ አንድ አንድ ነገር ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው ብዙ ነው። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ዝንጅብሉ፣ ሁሉም ገብቶ ተፈጭቷል። ከባዱን ሥራ እናቶቻችን በበጋው ፀሐይ ጨርሰውታል። እኛ ማታ ላይ በማንኪያ ነው የምናወጣው። ስለዚህ ገንዘብ የምትቆጥቡ ከሆነ ከሌላው ላይ ቆጥቡ። መናኛ በርበሬ ገዝቶ አምስት ዓይነት ቅመም ለመጨመር ከመሯሯጥ ጥሩ በርበሬ ብቻውን ይሻላል።

ኮምቦልቻ እያለሁ በግማሽ ሰዓት የሚደርስልኝ ምስር ደሴ ስመጣ ለምን አልበስል አለ?

ይኼ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። ምስሩም ምድጃውም ጥፋት የለባቸውም፣ ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ፣ ደሴ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳቱን ብትጨምሩበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ውሃው ነው ቶሎ የሚያልቀው። ድስቱ እየተንተከተከ ምስሩ እንደ ጠጠር የሚቆየው ለዚህ ነው።

መላው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ ድፍን ምስርና አተር ክክ ግን በጣም ይጠቀማሉ። ሁለተኛ፣ ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ምስሩ ሳይለሰልስ አታስገቡ። ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን ቆዳ ያጠነክራል። ብዙ ሰው ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር መጀመሪያ አቁላልቶ ምስሩን ይጨምርበትና "ይኼ ምስር አሮጌ ነው" ብሎ ባለሱቁን ያማል። ሦስተኛ፣ አቅም ካለ ፕሬዠር ድስት። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ለእሱ ደሴም ቆላው አዋሽም ያን ያህል አይለያዩበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ደሴ ላይ በአዘቦት ማታ ቅቅል አትጀምሩ። ዘይት ከፍታ አያውቅም። ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነገር ደሴም ኮምቦልቻም ያው ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ተቆልቶ የተፈጨ ነገርም እንዲሁ፣ ግማሽ መብሰሉን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የሚቀቀለውን ለእሁድ ተዉት።

ታዲያ በ20 ደቂቃ የሚደርስ ሽሮ እንዴት ነው? የኔ ይጓጉላል፣ ወይም ጥሬ ጥሬ ይላል።

ሁለቱም የሚመጡት ከችኮላ ነው፣ ግን ከተለያየ ችኮላ።

ለሦስት አራት ሰው ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት አስቀምጡት። ያርራል እንዳትሉ፣ ሽንኩርት የራሱ ውሃ አለው። መጀመሪያ ይተናል፣ ቀጥሎ መንጣቱን ትቶ ብርጭቆ የሚመስል መልክ ይይዛል፣ ከዚያ ድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። "ጭስስ" ሲል ጠረኑ ይቀየራል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ይጠፋና ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። እዚህ ድረስ ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከሁሉም መቸኮል የሌለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ጥቂት ሲሆን ጣዕሙን የሚያመጣው ሽንኩርቱ ብቻ ነዋ! ጥሬ ሽንኩርት ላይ የተበጠበጠ ሽሮ ሆድ ይነፋል እንጂ አይጣፍጥም።

ከዚያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዴ ዞር ዞር፣ ወዲያው 4 ብርጭቆ ውሃ። እስኪፈላ 1 ብርጭቆ ሽሮ በሌላ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። የመጓጎሉ ነገር እዚህ ያልቃል። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ውጩ ወዲያው ይበስልና ውስጡን ቆልፎ ያስቀረዋል። የተበጠበጠው ግን ቀስ ብሎ ሲፈስ ይዋሃዳል። በማማሰያ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ሲወፍር እሳቱን ቀንሱ። 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ደሴ ከሆናችሁ 12 አድርጉት።

መድረሱን የምታውቁት ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሲወጣ ነው። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ከቀመሳችሁ በኋላ። አንዳንዱ ሽሮ ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው። ከላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል፣ ክደኑት፣ አውጡት።

ቁሌት አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል?

ይቻላል። የኔ ቤት ሳምንቱን የሚቆመው በእሱ ነው። እሁድ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ማልቀስም አብሮ አለ። ትልቅ ድስት ላይ ሰዓት ያህል በዝግታ ይቁላላል። ግማሹ ላይ በርበሬ ይገባል። ግማሹ ለአልጫና ለእንቁላል ነጩን ይቀራል።

አስቸጋሪው የማቀዝቀዙ ነገር ነው። ትኩስ ድስት እንዳለ ክዳኑን ገጥሞ ማሳደር የለም። ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ማታ የሚበቃውን እየለያችሁ ክደኑና ፍሪጅ አስገቡት። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ የሚተርፈው ፍሪዘር ይግባ። ፍሪጅ ከሌለ? ደሴ ላይ በክረምት ብርድ ለነገ ማታ ያድራል የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እንጀራ ተርፏል፣ ወጥ የለም።

ፍርፍር። ሌላ ምን አለ?

አንድ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ካለ ቲማቲም። ቁሌቱ ሲደርስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩና ጨው አስተካክሉ። ሲፈላ እንጀራውን በእጅ ቆራርሳችሁ አስገቡ፣ ሁለቴ አገላብጡ፣ አውርዱ። የሚሳሳቱት የሚያቆዩት ናቸው። እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ገንፎ ይሆናል።

ኮምቦልቻና ቃሉ ወረዳ አካባቢ ብዙ ቤት የማሽላ እንጀራ አለ። ትኩሱ እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቀው ያውቀዋል። በማግስቱ ግን ይደርቃል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ለፍርፍር ምንም አይልም፣ መረቁን ብቻ አንድ ተኩል ብርጭቆ አድርጉለት፣ ይጠጣል። ድርቆሽ አድርጎ ማስቀመጥም ያባት ነው። ሻጋታ የያዘውን ግን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላት ይቅር። በዓይን የሚታየው ላዩ ነው፣ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ረቡዕና ዓርብ ምን ልሥራ? ሽሮ ሰለቸን።

ቲማቲም ስልስ፣ ድንች በእርድ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ሱፍ ፍትፍት። ጥቅል ጎመን ውሃ አታድርጉበት፣ የራሱ ይበቃዋል። የድንቹ ቁራጭ ትንሽ ይሁን፣ እንደ ሽንብራ ባይሆንም ከጣት ጫፍ አይብለጥ። ያኔ ደሴም ቢሆን በ15 ደቂቃ ይደርሳል።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት አለ፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። ሥጋ ላይ እያንዳንዱ የየራሱን ይበላል። የጾም ወጥ ግን ከሁሉም ቤት ወደ ሁሉም ቤት ይሄዳል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የኛ ምስር ይቀርባል፣ በዐቢይ ጾም የእነሱ ሩዝ በአትክልት ይመጣል። ወሎ ላይ የጾም ወጥ ማለት ማንም ድንገት ቢገባ የማያሳፍር ወጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከጾም ውጭም ቢሆን ቅቤውን ድስቱ ላይ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ማድረግ ልማዴ ነው። የፈለገ ይጨምራል።

ፓስታስ? ማሸጊያው 8 ደቂቃ ይላል፣ እኔ በ8 ደቂቃ ሳወጣው ውስጡ ጥሬ ነው።

ማሸጊያውን የጻፈው ሰው ደሴን አያውቃትም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩና አንድ ፍሬ አውጥታችሁ ቅመሱ። ውሃው ብዙ ይሁን፣ ድስቱን አትክደኑ፣ ይገነፍላል።

ሌላው ነገር ማጠቡ ነው። ፓስታውን አጥልለን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። ስልሱ የሚይዘው ላዩ ላይ ባለው ስታርች ነው፣ ያን አጥባችሁ ስትጥሉ ስልሱ ሳህኑ ሥር ይቀራል። አትጠቡት። እንዲያውም ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርታችሁ ስልሱ ላይ ጨምሩ፣ ፓስታውን እዚያው አገላብጡት። ስልሱ ደግሞ ሽንኩርት፣ ሁለት ሦስት የበሰለ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው።

የተረፈ ሩዝ ማታ ማሞቅ ችግር አለው?

የዋለበት ቦታ ነው ጥያቄው። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ፣ ሚያዝያ ሙቀት ላይ፣ የምሳ ሩዝ ምድጃው ላይ እንዳለ ዋለ። ማታ አሙቄ በላሁ። ሌሊቱን የት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ።

ሩዝ ውስጥ ሲቀቀል የማይሞት ጀርም አለ። ለብ ያለ ቦታ ሰዓታት ከቆየ ይራባል፣ መርዝም ያመርታል፤ ያ መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ሩዝ በልታችሁ እንደጨረሳችሁ ቶሎ አቀዝቅዙና ፍሪጅ። በማግስቱ ብሉት። ከዚያ ያለፈው ለዶሮ።

እንቁላል እራት ይሆናል? ባለቤቴ "ቁርስ ነው" ይላል።

ከስልስ ጋር ከሆነ እራት ነው። ሽንኩርት፣ ሁለት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ አራት እንቁላል። ስልሱ ደረቅ ሲል እንቁላሉን ሰብራችሁ ጨምሩ፣ ወዲያው አታማስሉት። ከሥሩ ያዝ ሲያደርግ ገልበጥ፣ አውርዱ። 12 ደቂቃ። ባለቤትዎን ምሳ ሳይበላ ሲመጣ ይሞክሩበት።

ሥጋ ያለው ፈጣን እራትስ?

ሩብ ኪሎ ሥጋ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ጥብስ ከሆነ። በቁመት ሳይሆን ክሩን አቋርጣችሁ አሳንሳችሁ ክተፉት። ምጣዱ በጣም ይጋል፣ ሥጋው አይደራረብ። ከተደራረበ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል፣ ቅቅል ደግሞ ደሴ ላይ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሽንኩርቱን ከሥጋው በኋላ። ትንሽ የጥብስ ቅጠል።

ከሐይቅ ከተማ የሚመጣውን ዓሣ መሥራት እፈራለሁ።

አብሽሩ፣ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ ከቀትር በፊት ደሴ ይደርሳል። ስትገዙ ዓይኑን እዩ፣ ጥርት ያለና ጎላ ያለ ይሁን። ስንጥቡን ገለጥ አድርጉ፣ ቀይ ይሁን። ማሽተትም ነውር አይደለም።

ሎሚና ጨው ቀብታችሁ ለአሥር ደቂቃ ተዉት። በጨርቅ አድርቁት፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ በጋለ ዘይት በአንድ ፊቱ አራት አራት ደቂቃ። እንዳይጣበቅ ሚስጥሩ ማድረቁ ነው። ከላዩ በሚጥሚጣ ወይም በዳጣ። ጾም ላይ ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ አልዳኝም፣ በዚህ ጉዳይ ከአክስቴ ጋር ተኳርፈን እናውቃለን።

መብራት ሲጠፋስ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እሳት የማይፈልግ ነገር ነው። ቲማቲም ፍትፍት፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ እንጀራ። ጠዋት የተቀቀለ ድፍን ምስር ካለ አዚፋ፣ በሰናፍጭና በሎሚ። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ወራት መብራት ኖሮም ከዚህ ሌላ አያስመኝም።

ሁለተኛው ከሰል ነው፣ እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አንብቡኝ። ደሴ ማታ ትቀዘቅዛለች። ወጡን ሠርቶ ከሰሉን እንዳለ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ሰው ይገድላል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭስም አይታይም። አመድ የለበሰው ፍምም ያወጣዋል። በረንዳ ላይ ሥሩ። ሲያበቃ በውሃ አጥፉት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ልጆቼ በርበሬ አይነኩም። ሁለት ድስት መሥራት አልችልም።

አትሥሩ። ነጩ ቁሌት ላይ ድንቹን ወይም ክኩን አብስሉ፣ እርድ ጨምሩ። የልጆቹን ጨልፉ። በቀረው ላይ በትንሽ ዘይት የታሸ በርበሬ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ጥሬ በርበሬ ወጡ ላይ አይነስነስ፣ ጉሮሮ ይይዛል።

ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ኮምቦልቻ በፈረቃ ነው የምሠራው። ለአንድ ሰው ማብሰል ይሰለቻል።

ይሰለቻል፣ እውነት ነው። ለአንድ ሰው ሽሮ ስትሠሩ መጠኑ ሩብ ብርጭቆ ሽሮ፣ 1 ብርጭቆ ውሃና አንድ ትንሽ ሽንኩርት ነው። ድስቷም ትንሽ ትሁን፣ በትልቅ ድስት ውሃው ቶሎ ይተንና ያርራል።

ከኔ ጋር የሚሠሩ ሦስት ልጆች ግን የተሻለ ነገር አላቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራይተዋል። በሳምንቱ መጀመሪያ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሽንኩርትና ዘይት በጋራ ይገዛሉ። ፈረቃቸው ስለሚለያይ ቀን ቤት የዋለችው ታበስላለች፣ የሌሊት ገቢዋ ድርሻዋን ተከድኖ ታገኛለች። እንጀራ ከአንዲት ጎረቤት ይገዛሉ። ያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያረረ ድስት ማን ያጥብ የሚለው። አሁን ሕግ አውጥተዋል፤ ያሳረረችው ታጥባለች።